የኮርኒያ ደም ስርን በሌዘር መዝጋት፦ የት ይሠራል፣ ለምንስ ይመለሳል?

የስኳር ሕመም የጎዳውን ረቲና (በዓይን ውስጥ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ለማከም የሚያገለግለው አረንጓዴ ሌዘር በዓይን ሕክምና ማዕከሎቻችን እየተለመደ ሲመጣ አንድ ጥያቄም አብሮት እየመጣ ነው። በዓይናቸው ጥቁር ክፍል ላይ ቀያይ ክሮች የወጡባቸውና እይታቸው የደበዘዘ ሰዎች «ይህንንስ ለምን በሌዘር አታጠፉልኝም?» ይላሉ። መሣሪያው ይህን መሥራት ይችላል፤ ሕክምናውም ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሌዘር የሚዘጋው ቧንቧውን ብቻ ነው፤ ቧንቧውን የጠራው ምክንያት ዓይኑ ላይ እንዳለ ከቀጠለ የተዘጋው በሳምንታት ውስጥ ይከፈታል፣ አለዚያም አጠገቡ ሌላ ይበቅላል። ስለዚህ ለታካሚም ሆነ ለላኪው ሐኪም የሌዘሩን ቴክኒክ ከማወቅ በላይ ተራው መቼ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

ደም ስር የሌለበት አካል

ኮርኒያ የዓይንን ፊት የሚሸፍነው ግልጽ አካል ነው፤ በዜና «የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ» ሲባል የሚተካው ይኸው ነው። ወርዱ 12 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን መሃሉ ላይ ውፍረቱ 0.54 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ኦክስጅን የሚያገኘው በአብዛኛው በእንባ በኩል ከአየር፣ ስኳርና ሌላውን ምግብ ደግሞ ከኋላው ካለው የዓይን ፈሳሽ ነው። ደም ስሮቹ የሚያበቁት ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት፣ ሐኪሞች ሊምበስ በሚሉት ጠርዝ ላይ ነው።

እዚያ እንዲቆሙ የሚያደርጋቸው የማያቋርጥ ኬሚካላዊ ሥራ ነው። ደም ስር እንዲበቅል የሚያዘው ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን በጤነኛ ኮርኒያ ውስጥም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ኮርኒያ ይህን ፕሮቲን ይዞ የሚያስር ተቀባይ ሞለኪውል እያመረተ ሥራ ፈት ያደርገዋል። በሊምበስ ያሉት ስቴም ሴሎችም የኮርኒያን የላይኛ ሽፋን እያደሱ የነጩ ዓይን ሽፋን ወደ መሃል እንዳይሻገር ያግዳሉ። ኦክስጅን ሲያጥር፣ ብግነት ሲነሳ ወይም ስቴም ሴሎቹ ሲያልቁ ቪኢጂኤፍ ያይላል፤ የሊምበስ ደም ስሮችም ቅርንጫፍ አውጥተው ወደ መሃል ይጓዛሉ።

በኢትዮጵያ ይህን ሚዛን ከሚያናጉት ዋነኛው ለብዙዎች እንግዳ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ሥውርነት ጥናት፣ ከሞራ ግርዶሽ ቀጥሎ ትልቁ የዓይነ ሥውርነት ምክንያት ትራኮማ ያስከተለው የኮርኒያ ጠባሳ መሆኑን አሳይቷል፤ ድርሻው 11.5 በመቶ ነበር። በሌሎች ምክንያቶች የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ደግሞ 7.8 በመቶ ይዞ ነበር። በትራኮማ ደም ስሩ የሚጀምረው ከላይ፣ ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ነው። እያደር ቆቡ ጠባሳ ይዞ ሲኮማተር ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያውን ይፍቃል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ስለሚያርገበግብ ይህ በቀን ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ መፋቅ ነው። እንዲህ ያለውን ዓይን ሽፋሽፍቱን ሳያስተካክሉ በሌዘር ማከም ምንም ፋይዳ የለውም።

ሌላው የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ዓይን ላይ ሲመላለስ ወደ ኮርኒያው ጥልቅ ክፍል ገብቶ ብግነት ይፈጥራል፤ ብግነቱ ደም ስር ይስባል። በኖራ፣ በበረኪና ወይም በባትሪ አሲድ መቃጠል፣ በእሾህ ወይም በጭድ ተወግቶ ያመረቀዘ ቁስልም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። በከተማና በውጭ አገር በሚኖሩ ወጣቶች ላይ ደግሞ ኮንታክት ሌንስ አለ፤ በተለይ በመዋቢያ ሱቅና በኦንላይን ያለ ምርመራ የሚገዛው ባለ ቀለም ሌንስ። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሌንሶች ከ2005 ጀምሮ በሕግ የሕክምና መሣሪያ ሆነው ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ ተደርገዋል። ሌንሱን ሳያወልቁ ማደር ኮርኒያውን ኦክስጅን ያስርበዋል፤ ደም ስሮቹም ከዙሪያው ይገባሉ። እዚህ ላይ ሕክምናው ሌንሱን ማቆም ነው። ደም ስሮቹ ይጎድላሉ፣ ባዶው መስመር ግን ይቀራል። ሌንሱ እንደገና ከተጀመረ ያው መስመር በፍጥነት ደም ይሞላል።

ምን ያበላሻል? ምንስ ያድናል?

አዲስ የበቀለ ደም ስር ግድግዳው ያልጠና ስለሆነ ያፈሳል። የሚፈሰው ውሃ ኮርኒያውን ያሳብጠዋል፤ የሚፈሰው ስብ ደግሞ በኮርኒያው ውስጥ ይከማቻል። የዓይን ሐኪም በሚመረምርበት ማጉያ፣ በስሊት ላምፕ ሲታይ ከደም ስሩ ጫፍ ላይ ወደ መሃል የተዘረጋ፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ንጣፍ ሆኖ ይገኛል። ይህ ንጣፍ ብርሃን ወደ ዓይን ወደሚገባበት የብሌን ቀዳዳ ፊት እየተጠጋ ሲመጣ እይታ ይጠፋል። ሌዘር ከሁሉ በላይ የሚሠራውም እዚህ ነው፤ ብግነቱ ከጠፋ ቆይቷል፣ የሚያፈሰው ደም ስር አንድ ወይም ሁለት ነው፣ እርሱ ከተዘጋ ስቡ መጨመሩን ያቆማል፤ በወራት ጊዜም ቀስ እያለ ሊመጠጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት የሚታየው ንቅለ ተከላ ሲታሰብ ነው። ኮርኒያ ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች በተሻለ ሁኔታ የሚተከለው የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት በቀላሉ ስለማይደርሱበት ነው። ደም ስር ሲገባ ግን መንገዱ ተከፈተ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1992 ውጤቱ የታተመው ትልቅ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ጥናት፣ ኮርኒያውን እንደ ሰዓት ፊት በአራት ከፍሎ ከአራቱ በሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ጥልቅ ደም ስር የገባበትን ዓይን ከፍተኛ አደጋ ያለበት ብሎ መድቦታል። ይህ መስፈርት ዛሬም ይሠራበታል። ከዚያ በኋላ የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ደም ስር ባለበት ኮርኒያ ላይ ሰውነት የተተከለውን አልቀበልም የማለቱ ዕድል ከሌለበት ሁለት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ነው ከንቅለ ተከላ በፊት ደም ስሩን የመቀነስ ሐሳብ የመጣው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ከደም ስሩ ጋር ጎን ለጎን የሊምፍ ቧንቧዎችም ይበቅላሉ። ከተተከለው ኮርኒያ የባዕድ ፕሮቲን ወሬ ይዘው ወደ ሊምፍ እጢ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸው፤ ሰውነት ተከላውን እንዲዋጋ የሚቀሰቀሰው በዚህ መንገድ ነው። የሊምፍ ቧንቧ ቀይ ስላልሆነ በዓይን አይታይም፤ ሄሞግሎቢን ስለሌለው ሌዘሩም አይነካውም። ስለዚህ ከሌዘር በኋላ ጥርት ያለ የሚመስል ኮርኒያ ለንቅለ ተከላ ዝግጁ ነው ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። የአደጋውን መጠን የሚወስነው ሌዘሩ ካጠፋው መስመር ይልቅ ዓይኑ ያለ ብግነት የቆየበት ጊዜ ነው፤ በሄርፒስ ለተጎዳ ዓይን ቢያንስ 6 ወር ጸጥታ የሚጠበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደም ስሩ ጠላት የማይሆንበት ጊዜ መኖሩም መታወቅ አለበት። በከባድ ኢንፌክሽን ወይም በኖራ ቃጠሎ ኮርኒያው እየሟሟ ሲሄድ፣ ወደ ቁስሉ የሚደርሰው ደም ስር ጠጋኝ ሕዋሳትንና ሟሚውን ኢንዛይም የሚገቱ ፕሮቲኖችን ይዞ ይመጣል። ቁስሉ ሳይሽር ይህን መስመር መዝጋት ኮርኒያው እንዲበሳ መፍረድ ነው። በእኛ እምነት ሌዘር ያዥው ሐኪም ቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ይህ ደም ስር አሁን ሥራ ላይ ነው ወይስ ሥራውን ጨርሷል?» የሚለውን ነው። ላዩ ያልተሸፈነ፣ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በጠብታ ሲደረግበት አረንጓዴ የሚበራ ቁስል ካለ ሌዘሩ ይቆይ።

የትኛው ሌዘር?

«ሌዘር» ሲባል አንድ መሣሪያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በዚህ የተነሳ ተሳስቶ የሚመላለስም አለ። መነጽር ለማስጣል በሚሠራው ላሲክ የሚያገለግለው ኤክሳይመር ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ኮርኒያውን በማይክሮን እየለካ ይቀርፋል እንጂ ደም አያረጋም። ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የደበዘዘውን የሌንስ ከረጢት የሚከፍተው 1064 ናኖሜትር ያግ ሌዘርም የሚሠራው በጥቃቅን ፍንዳታ ነው። ለደም ስር የሚፈለገው ግልጹን ኮርኒያ ሳይነካ አልፎ በደም ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን የሚዋጥ ብርሃን ነው። አርጎን ሌዘር በ488ና በ514 ናኖሜትር ይሠራል፤ ለኮርኒያ ደም ስር መዋሉ በሕክምና ጽሑፍ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው 532 ናኖሜትር አረንጓዴ ሌዘር ነው። ከሁሉ የሚስማማው 577 ናኖሜትር ቢጫ ሌዘር ነው፤ ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ብርሃንን በኃይል ከሚውጥባቸው ጫፎች አንዱ እዚያ ላይ ስለሆነ አነስ ባለ ኃይል ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይህ ቢጫ ሌዘር ለኮርኒያ ያለው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1992 ታትሞ ወጥቷል።

ከዚሁ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ ከአፍንጫ በኩል ተነስቶ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ወደ ጥቁሩ የሚገባ ሥጋ። ፀሐይና አቧራ በሚበዛበት ደጋማ አገራችን የተለመደ ነው። ውስጡ ደም ስር ይኑረው እንጂ ሥጋው ራሱ የነጩ ዓይን ሽፋን እድገት ስለሆነ የሚታከመው በቀዶ ሕክምና ተነስቶ ቦታው በራስ ሽፋን ሲለበድ ነው። ሌዘር አያሻውም።

መጋቢውን መፈለግ

ወደ ኮርኒያው የሚገባው ደም በወሳጅ ቧንቧ ይመጣል፣ በመላሽ ቧንቧ ይወጣል። ለዓይን ጎልቶ የሚታየው መላሹ ነው፤ ወፈር ይላል፣ ይጠማዘዛል፣ ቀለሙም ይደምቃል። ወሳጁ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ጠለቅ ያለ ነው፤ ደሙም ይፈጥናል። በመስኖ እንደሚሆነው ሁሉ ውሃው ከወንዙ በሚገባበት አፍ ካልተዘጋ ከታች በየመደቡ እየዞሩ መድፈን ትርፉ ድካም ነው። መላሹ ብቻ ሲዘጋ ደሙ በቀናት ውስጥ ሌላ መውጫ ያበጃል፤ መሃል ላይ ታምቆም ወደ ኮርኒያው ሊፈስ ይችላል።

ወሳጁን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ትዕግሥት ነው። ስሊት ላምፑን በከፍተኛ ማጉያ አድርጎ፣ ብርሃኑን ከጎን አስገብቶ አንድ መስመር ላይ ሲቆዩ የደም ሕዋሳቱ እንደ ደቃቅ ነጠብጣብ ሲሄዱ ይታያሉ። ከሊምበስ ወደ መሃል የሚሄዱበት ወሳጅ ነው፤ ወደ ሊምበስ የሚመለሱበት መላሽ። ጠባሳው ወፍራም ከሆነ ይህ አይታይም። ያኔ በክንድ ደም ስር ቀለም ተሰጥቶ ኮርኒያው ፎቶ ይነሳል። ፍሎረሲን ቶሎ ያሳያል፤ ግን ከአዲስ ደም ስር ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መፍሰስ ስለሚጀምር ሥዕሉን ያደበዝዘዋል፤ ዋናው መረጃ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው። ኢንዶሳያኒን አረንጓዴ ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ብዙም አይፈስም፤ በጠባሳ ውስጥ ያለውንም መስመር በተሻለ ያወጣል። ያለ ቀለም የደም ፍሰትን የሚያነበው ኦሲቲ አንጂዮግራፊ ካለ ታካሚው ከመርፌው ያርፋል።

ሕክምናው ወንበር ላይ

ሕክምናው ተመላላሽ ነው። ታካሚው እንደ ተራ ምርመራ አገጩን አስደግፎ ይቀመጣል፤ የቴትራካይን ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል፤ ዓይኑን የሚያጸናና ጨረሩን ሰብሰብ የሚያደርግ ሌንስ በጄል ይገጠምለታል። በተለምዶ የነጥቡ ስፋት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን፣ የእያንዳንዱ ምት ርዝመት ከ0.1 እስከ 0.2 ሰከንድ ይሆናል። ኃይሉ ከ300 ሚሊዋት አካባቢ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀመርና ደም ስሩ እስኪነጣ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። መጀመሪያ ወሳጁ ከሊምበስ አጠገብ፣ ምት ከምት እየተያያዘ ይመታል፤ ቀጥሎ ወደ መሃል ያለው ክፍሉ፣ በመጨረሻ መላሹ።

የጨረሩ አቅጣጫ እንደ ኃይሉ ሁሉ ወሳኝ ነው። በቀጥታ ከተላከ ኮርኒያውን አልፎ ወይ አይሪሱን (በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክፍል) ይመታል ወይ በብሌኑ ቀዳዳ ገብቶ ረቲናውን ያቃጥላል። ስለዚህ በሰያፍ፣ መሃሉን ሸሽቶ ይላካል። ጥቁርና ቡናማ አይሪስ ብርሃንን አብዝቶ ስለሚውጥ በእኛ ሰው ዓይን ላይ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ መሆን አለበት። አይሪሱ ከተቃጠለ ይሳሳል፤ ክቡ ቀዳዳም ወደተቃጠለበት ጎን ይጎተትና እንቁላል ቅርጽ ይይዛል። ጉዳቱ አይመለስም።

ከነጣ በኋላ መነሳት ስህተት ነው። ደም ስር በሙቀት ደንግጦ ሲኮማተርም ይነጣል፤ ኩምትሩ ሲለቀው ደሙ ተመልሶ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ እንደገና ማየት፣ ከተመለሰም እዚያው መድገም ያስፈልጋል። ወፍራም ወሳጅ ብዙ ጊዜ የማይዘጋበት ምክንያት ፈጣኑ ደም ሙቀቱን ጠርጎ ስለሚወስደው ነው። እዚህ ላይ ኃይሉን እየጨመሩ መሄድ ደም ስሩን ሊበጥሰው ይችላል። ትንሽ ደም በኮርኒያው ውስጥ ቢፈስ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆማል፣ ይመጠጣልም፤ በሳሳ ኮርኒያ ላይ ግን ከመጠን ያለፈ ሙቀት ይበልጥ ያሳሳዋል። ከንቅለ ተከላ በኋላ ከሆነ በስፌቱ አጠገብ የሚመታ ጨረር ክሩን ሊበጥስ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ቃጠሎው ራሱ ብግነት መሆኑ ነው። የተቃጠለ ሕብረ ሕዋስ ቪኢጂኤፍ ያመነጫል፤ ማለትም ሕክምናው ራሱ አዲስ ደም ስር ሊጠራ ይችላል። ለዚህ ነው ከሌዘር በኋላ የስቴሮይድ ጠብታ፣ ለምሳሌ ፕሬድኒሶሎን 1 በመቶ በቀን 4 ጊዜ ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ እየተቀነሰ የሚሰጠው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም በወሩ ተመልሶ መታየት ግድ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ዓይን ጥቂት ነው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር የተለመደ ነው።

ሌዘር በማይደርስበት

ሌዘር ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ መንገድና ደም የሞላ ቧንቧ። ጠባሳው ወፍራም ሲሆን ብርሃኑ ይበተናል፤ ቧንቧው ባዶ ከሆነ የሚውጠው የለም። እነዚህን ሁለቱን የማይጠይቅ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2000 እንግሊዝ ውስጥ ካሉ ሐኪሞች ተዘግቧል። ባለ 10-0 ናይለን ክር ቀጭኑ የስፌት መርፌ በደም ስሩ ውስጥ ወይም ጎኑን ተጠግቶ ይገባል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ ሙቀት ደም የሚያረጋው መሣሪያ፣ የዳያተርሚው ጫፍ መርፌውን ይነካዋል፣ ሙቀቱም በመርፌው ወርዶ ቧንቧውን ያደርቀዋል። የሚያስፈልገው የኦፕሬሽን ማይክሮስኮፕ፣ መርፌና ዳያተርሚ ነው፤ ሦስቱም የሞራ ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ክፍል ውስጥ አሉ። ጥልቅና ወፍራም ወሳጅ ይዘጋል። አደጋው መርፌው ኮርኒያውን ሊበሳ መቻሉ፣ ሙቀቱ ሲበዛም ነጭ ጠባሳ መጣሉ ነው። የሌዘር ዋጋና ጥገና በሚከብድበት አገር ይህ ዘዴ ከሚሰጠው ትኩረት በላይ ይገባዋል ባዮች ነን።

መድኃኒቶቹ ደግሞ አዲሱን ደም ስር ይመታሉ እንጂ የቆየውን አይደለም። ቤቫሲዙማብ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደ መድኃኒት ነው፤ ለዓይን የሚውለው ከተፈቀደለት ውጪ በሐኪም ውሳኔ ነው። ከነጩ ዓይን ሽፋን ሥር በመጋቢው ደም ስር አጠገብ 2.5 ሚሊግራም፣ በፈሳሽ 0.1 ሚሊሊትር ይወጋል። ቪኢጂኤፍን ስለሚይዝ እየበቀለ ያለውን ያሟሽሸዋል፤ ግድግዳው በደጋፊ ሕዋሳት የጠናው የቆየ ቧንቧ ግን ያለ ቪኢጂኤፍም ይኖራል። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ያጣምሯቸዋል፤ ሌዘር ወይም የዳያተርሚው መርፌ የቆየውን ግንድ ይዘጋል፣ መድኃኒቱ ከቃጠሎው በኋላ የሚነሳውን አዲስ ቡቃያ ይገታል። ላዩ ቁስል ባለበት ኮርኒያ ላይ መድኃኒቱን በጠብታ መልክ መስጠት ሽረትን ስለሚያዘገይ ይወገዳል።

ቨርቴፖርፊን የተባለ መድኃኒት በክንድ ተሰጥቶ በ689 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን የሚነቃበት ዘዴም አለ። ሙቀት ስለሌለው ኮርኒያውን አያቃጥልም። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ታካሚውም ለቀናት ከፀሐይ መሸሸግ አለበት።

ከሌዘሩ በፊትና በኋላ

የተቀለበሰ ሽፋሽፍት ያለበት ዓይን መጀመሪያ የቆብ ቀዶ ሕክምና ይሠራለታል፤ ደረቅ ከሆነ ድርቀቱ ይታከማል። የሄርፒስ ዓይን ያለ ፀረ ቫይረስ ስቴሮይድ አይጀምርም። አሳይክሎቪር ክኒን 400 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ወር ሲወሰድ የዓይን ሄርፒስ የመመለስ መጠን ከ32 በመቶ ወደ 19 በመቶ መውረዱን እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ይህ ርካሽ ክኒን ብዙ ሌዘር ሊያስቀር ይችላል። በኖራ ቃጠሎ የሊምበስ ስቴም ሴሎቹ ሙሉ በሙሉ ካለቁ ደግሞ በኮርኒያው ላይ የሚታየው የነጩ ዓይን ሽፋን ራሱ ነው፤ ደም ስሩን ብቻውን መዝጋት ትርጉም የለውም፣ የሚያስፈልገው ስቴም ሴል መተካት ነው።

ስቴሮይድን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ከልብ መባል አለበት። ዴክሳሜታሶን ጠብታ በየፋርማሲው ያለ ማዘዣ ይገኛል፤ ቅላቱን ስለሚያጠፋም ሰው ይወደዋል። የዓይን ግፊት ሳይለካ ለወራት ሲቀጠል ግን ግላኮማና የሞራ ግርዶሽ ያመጣል። በግላኮማ የጠፋ እይታ አይመለስም፤ ደም ስሩ የወሰደው እይታ ግን በንቅለ ተከላ ሊመለስ ይችል ነበር። ስቴሮይድ ላይ ያለ ታካሚ ግፊቱ በየወሩ ገደማ መለካት ይኖርበታል።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ከተቋቋመበት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ኮርኒያ በአገር ውስጥ ይሰበሰባል፤ የሚለገሰው ግን ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው። ስለሆነም ተራ ይዞ የሚጠብቅ ታካሚ የመጠበቂያውን ጊዜ ደም ስሩን ለማድከም ሊጠቀምበት ይገባል። ከተከላው በኋላም ክትትሉ በስፌቱ ላይ ነው። ክር ሲላላ ጫፉ ይቆረቁራል፣ ንፍጥ ይሰበስባል፣ ደም ስርም በቀጥታ ወደ እርሱ ይጓዛል። እንዲህ ያለ ክር በታየበት ቀን በማደንዘዣ ጠብታ፣ በጥቃቅን መቆንጠጫ ይወጣል፤ የጸረ ተሕዋስያን ጠብታም ለቀናት ይሰጣል። ዓይኑ ቢቀላ፣ ብርሃን ቢያስፈራው፣ እይታው ቢደበዝዝ ወይም ቢያመው ታካሚው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ በዚያው ቀን መምጣት አለበት፤ አልቀበልም ባይነት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስቴሮይድ ሊመለስ ይችላል፣ ከሳምንታት በኋላ ግን የተተከለው ኮርኒያ ይደፈርሳል።